የሸለቆዋ ወይዘሮና ጋሽ ይመር

በቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ጋሽ ይመርን የማያውቅ ሐበሻ ካለ፣ ወይ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ነው፣ ወይ ከሰው ተጣልቶ የማያውቅ ነው። ከሰው ተጣልቶ የማያውቅ ሐበሻ ደግሞ ገና አልተገኘም። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ አብረው ሱቅ የከፈቱ ጓደኛሞች በጠበቃ ሲፈላለጉ፣ የዕድር ኮሚቴ ለሁለት ተሰንጥቆ አንዱ ወገን ድንኳኑን ሌላው ወገን ድስቱን ይዞ ሲቀር፣ ስልክ የሚጮኸው ዘጠነኛ ፎቅ፣ እሳቸው ቤት ነው። እሳቸውም አንድ ቀን "ደክሞኛል" ብለው አያውቁም። "መጣሁ" ይላሉ፤ ኮታቸውን ያነሳሉ፤ ይመጣሉ።

የወሎ ሰው ናቸው። በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል በእግራቸው ወጥተው፣ ስንቱን አሳልፈው ቶሮንቶ ገቡ፤ ከገቡም በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ታክሲ ነዱ። ዕድሜ ልካቸውን ተቀምጠው የሠሩ ሰው፣ ለሽምግልና ሲሄዱ ግን አይቀመጡም። ዝናቸው ይኼ ነው። ወጉን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ "እሺ" እስኪባል ድረስ ቆሞ ይለምናል፣ ወንበር ቢሰጡት አይቀመጥም፣ ውሃ ቢያቀርቡለት አይጠጣም። ዛሬ ዛሬ ግን ሽማግሌ የሚባለው ሁሉ ለወጉ ያህል ትንሽ ቆም ይልና "እንግዲህ ጉልበቴን" ብሎ ሶፋው ላይ ዘፍ ይላል። ጋሽ ይመር ወይ ፍንክች!

አንድ ጊዜ ኤግሊንተን ዌስት ጎዳና ላይ፣ ለከተማው ባቡር የሚቆፈረው ቁፋሮ ገበያውን ገድሎበት የተማረረ አንድ ጸጉር አስተካካይ ንዴቱን ሚስቱ ላይ ተወጥቶ አስወጥቷት ነበር። ጋሽ ይመር ከቅዳሴ መልስ ሱቁ ገብተው ቆሙ። ደንበኛ ይገባል፣ ደንበኛ ይወጣል፣ እሳቸው ከመስታወቱ አጠገብ እንደቆሙ ናቸው። "ጋሼ፣ ተራዎ ደርሷል፣ ይቀመጡ እንጂ" ሲላቸው፣ ራሰ በራቸውን እያሳዩ "ልጄ፣ ምኔን ልትቆርጠው? እኔ የመጣሁት ለሚስትህ ነው" አሉት። ሱቁን ሊዘጋ ሲል እዚያው ናቸው። "ኧረ በፈጠሪ ይቀመጡልኝ! ትምጣ! ዛሬውኑ ትምጣ!" አለ ሰውየው እያለቀሰም እየሳቀም። ያኔ ተቀመጡ፤ የመጣላቸውን ሻይም ጠጡ። እሺ ከተባለ በኋላ አለመቀመጥና አለመቅመስ ደግሞ ዕርቁን እንደ መናቅ ነውና።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጸሐይ የሞቱት ከዓመታት በፊት ነው። ልጅ አልወለዱም። ከዚያ ወዲህ የሰው ጠብ ይዟቸው ሲውል ደህና ናቸው፤ ጠቡ ሲበርድና ሁሉም ወደ ቤቱ ሲገባ ግን ሊፍቱ ውስጥ ብቻቸውን ሲወጡ ያየ ሰው ሆዱ ይባባል። ሚስት እንፈልግልዎ ያላቸው ሁሉ የሚያገኘው መልስ "ተወኝ እስቲ" ነበር።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንደሚባለው፣ አምና በመስከረም ሶልያና የእሳቸውን በር አንኳኳች።

ሶልያና ነርስ ናት፤ ሪጀንት ፓርክ ነው የምትኖረው። እጮኛዋ እዝራ ቀን በብስክሌት ምግብ ያደርሳል፣ ማታ ሳክስፎን ይነፋል። ሳክስፎን አፓርትመንት ውስጥ እንዴት ተደርጎ ይነፋል? ጎረቤት ሁሉ ተነሳበት። ስለዚህ ልጁ ዶን ወንዝ ሸለቆ ይወርድና ከዛፎቹ መሐል ይለማመድ ነበር። በነሐሴ አንድ ቀን ወርዶ አልተመለሰም። ብስክሌቱ ተገኘ፣ እሱ ግን ጠፋ። ፖሊስ ፈለገ፣ ማኅበረሰቡ ፎቶውን በየምሰሶው ለጠፈ፣ እናቱ ከአገር ቤት እየደወለች አለቀሰች። ምንም የለም።

"ጋሽዬ፣ እዝራ የት እንዳለ አውቄያለሁ" አለች ሶልያና ገና ሳትቀመጥ።

"የት አለ ልጄ?"

"ሸለቆው ውስጥ። ከመሬት ሥር። ፕሊስ አብዳለች እንዳይሉኝ። ጀምበር ስትጠልቅ ሳክስፎኑን ሰማሁት፤ ከዚያ ገደሉ እንደ በር ተከፈተና አየሁት። አጠገቡ ቆሜ ጠራሁት፣ አላወቀኝም።"

ሥራ ቦታ የምታስታምማቸው ዘራቸው ከአየርላንድ የሆነ አንዲት አሮጊት አሉ። ነገሩን ስትነግራቸው አልሳቁባትም። እነዚያ ከመሬት ሥር ያሉት ሰዎች ከአየርላንድ በመርከብ የመጡ ናቸው፣ ሙዚቃ የሚችል ሰው ሲያዩ አያልፉም፣ ከእህላቸው የቀመሰ ከወንበራቸው የተቀመጠ የእነሱ ሆኖ ይቀራል፣ ብረት ብቻ ነው የሚፈሩት ብለው ነግረዋታል። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰባት ዓመት ሲሞላ በፈረንጆቹ ኦክቶበር መጨረሻ፣ ልጆች ጭምብል አጥልቀው ከረሜላ በሚለምኑበት ምሽት፣ ከእነሱ ሥር ላለው ጨለማ አንድ ሰው ይገብራሉ አሏት። ሰባተኛው ዓመት ያው ዓመት ነበር። የሚገበረውም መጨረሻ የመጣው ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ለልጅቷ ሐኪም ይፈልግላት ነበር። ጋሽ ይመር ግን የወሎ ልጅ ናቸው፤ ሐይቅ ውስጥ የሚኖሩ ጋኔኖች፣ ስማቸውን ቄስ ይጥራውና፣ የወሰዱትን ሰው ወሬ እየሰሙ ነው ያደጉት። አንድም ጊዜ "እርግጠኛ ነሽ?" አላሏትም።

"ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትዪው?"

"ሽማግሌ ይላክልኝ።"

"ለማን?"

"ለአለቃቸው። ሴት ናት።"

ጋሽ ይመር ትንሽ አሰቡና ኮታቸውን አነሱ።

ሽማግሌ ብቻውን አይሄድም። ሁለት ሰው ጠሩ። አንዱ አቶ ገብረእግዚአብሔር ናቸው፤ የዕድሩ ሊቀመንበር። ሌላው ፋሩቅ ነው፤ ሥጋ ቤት ያለው፣ ጺሙ በቅጡ ያልሸበተ፣ የአራት ልጆች አባት፣ ቀልደኛ። ፋሩቅ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ያሳሰበው ጋኔኑ አልነበረም። "ሴት ለወንድ ሽማግሌ ትልካለች እንዴ? ኧረ ይኼስ ጉድ ነው!" አለ። ከዚያ ቢላዋውን በመጠቅለያ ሊሸጉጥ ሲል ጋሽ ይመር እጁን ያዙት።

"ምን ልታደርግበት ነው?"

"ብረት ይፈራሉ አልተባለም?"

"ሰው ደጅ ልመና የሚሄድ መሣሪያ ይዞ አይሄድም። አስቀምጠው።" የራሳቸውንም የቤት ቁልፍ፣ ሳንቲምና ቀበቶ ሳይቀር አውጥተው ለሶልያና ሰጧት። ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው እየያዙ ሸለቆውን ወረዱ።

ጀምበሯ ልትጠልቅ ስትል ሳክስፎኑ ተሰማ፣ ገደሉም ተከፈተ። የሜፕል ዛፍ ሥር እንደ ምሰሶ የቆመበት ሰፊ አዳራሽ ነው። መብራት የለም፣ ግን ብርሃን አለ። ሰዎች ይጨፍራሉ፤ ልብሳቸው የተለያየ ዘመን ነው፣ ፊታቸው ውብ ነው፣ ዓይናቸው ግን ማንንም አያይም። አቶ ገብረእግዚአብሔር ይህን ሲያዩ እግሬ አውጪኝ አሉ። ጉልበታቸውን ታመው ሦስት ወር ስብሰባ የቀሩ ሰውዬ ያንን ዳገት በሩጫ ወጡት። ቀሩ ሁለቱ።

ከዳር እዝራ ተቀምጦ ይነፋል። ከፊት ለፊት ወይዘሮዋ አለች። ጋሽ ይመር ሌላ ስም አልሰጧትም፤ ወይዘሮዋ ነው ያሏት። ወጣት ናት እንዳይሉ ዓይኗ ያረጀ ነው፤ አሮጊት ናት እንዳይሉ ጠጉሯ እንደ ከሰል ነው። ራሷ ላይ ከእሾህ የተጎነጎነ አክሊል ደፍታለች። በምን ቋንቋ እንደተናገረች አላወቁም፣ ግን ሁለቱም ሰሟት።

"እንግዳ ቁጭ ይላል" አለች፤ ወንበርም ከመሬት ወጣ።

"እሺ ሲሉን ነው የምንቀመጠው፣ እሜቴ።"

"ብሉ እንግዲያስ።" የሥጋው ሽታ አዳራሹን ሞላው። ፋሩቅ ምራቁን ዋጠ።

"እሺ ሲሉን ነው የምንበላው።"

ሳቀች። "እስካሁን ከላይ የመጣ ሁሉ ወይ ብረት ይዞ መጣ፣ ወይ እርግማን። አንዱ ጠመንጃ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ያውልህ፣ ይጨፍራል። እናንተ ምን ይዛችሁ መጣችሁ?"

"ባዶ እጃችንን፣ እሜቴ። ልመና ነው የያዝነው።"

ከዚያ እንደ ወጉ ምርቃት ጀመሩ። የፈጣሪ ስም ከአፋቸው ሲወጣ ግን ብርሃኑ ደበዘዘ፤ ወይዘሮዋ የተመታች ያህል ወንበሯን ጨብጣ ጎበጠች። ፋሩቅ "ደግ! ይድገሙት! ይድገሙት!" አለ በሹክሹክታ። ጋሽ ይመር አልደገሙትም። ደነገጡ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝቅ አሉ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንደሚያምዎ አላወቅኩም።" ቆም ብለው አሰቡ። ምርቃት ሳይኖር ሽምግልና የለ፤ ለእንዲህ ያለች ፍጥረት ደግሞ ምን ተብሎ ይመረቃል? መጨረሻ ላይ "ደጅዎ ሰው አይጣ" አሏት።

ወይዘሮዋ ከጎበጠችበት ቀና አለች። ጨፋሪዎቹም ለአፍታ ቆሙ። "ይህን ያለኝ የለም" አለች። ከዚያ ልክ ልጁን ለጋብቻ እንደተጠየቀ የአገር ቤት አባት "አስብበታለሁ። ሂዱና ተመለሱ" ብላ አሰናበተቻቸው።

ዳገቱን ሲወጡ ፋሩቅ በየእርምጃው ወደ ኋላ ይገላመጥ ነበር። ጋሽ ይመር ግን ፊታቸው በርቷል። "አየህ፣ ሴትዮዋ ወግ ታውቃለች!" አሉ።

ሁለተኛ የሄዱት በጥቅምት፣ በአንደኛው ረቡዕ ቀን ነው። ያን ቀን ብዙ ቆሙ። እንብላ ስትላቸው "ጾም ነው" አሏት።

"ጾም ምንድን ነው?"

"ወዶ መራብ ነው፣ እሜቴ።"

"ወዶ መራብ?" አለች፤ የሰማችውን ማመን ያቃታት ትመስል ነበር። "የእኔ ሰዎች ሳይወዱ ነው የተራቡት። ድንቹ ማሳው ላይ በሰበሰ። በየመንገዱ ረገፉ። የቀሩት በመርከብ ሲሳፈሩ እኛም ከመርከቡ ሆድ ገብተን አብረናቸው መጣን፤ ያለ እነሱ ማን ያውቀናል? እዚህ ደርሰው ልጅ ወለዱ፣ የልጅ ልጅ ወለዱ፣ ረሱን። ዛሬ ከላይ በብስክሌት ሲያልፉ እሰማቸዋለሁ። አንዱም አይጠራኝም።"

ጋሽ ይመር እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ ዝም ማለት አይችሉም። እሳቸውም የሱዳኑን መንገድ አወሩላት፤ ሌሊት ሌሊት መጓዙን፣ ከመንገድ የቀሩትን ጓደኞቻቸውን። ከዚያ ስለ ወይዘሮ ጸሐይ አወሩላት፤ ለማንም የማያወሩትን። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍኑ እንደነበር ሳይቀር ነገሯት። ፋሩቅ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ እያንቀላፋ ነበርና አንዴ ዓይኑን ሲገልጥ ያየውን ማመን አቃተው፤ ወይዘሮዋ ከወንበሯ ተነስታ ቆማለች። ጋሽ ይመር በቆሙበት፣ ፊት ለፊታቸው።

"ምነው ተነሱ፣ እሜቴ?" አሏት።

"አንተ ቆመህ እኔ መቀመጥ አልቻልኩም" አለች።

ሊሄዱ ሲሉ እውነቱን ነገረቻቸው። ልጆች ጭምብል በሚያጠልቁበት በዚያ ምሽት ጨለማው በሩን ያንኳኳል። አንድ ሰው ካልወረደለት ቤቱን በሙሉ ይውጣል፤ ጨፋሪዎቹን፣ እሷንም። "ልጁን ስለ ጠላሁት አይደለም የያዝኩት" አለች።

"አውቃለሁ፣ እሜቴ። ቢሆንም ልጁን እለምንዎታለሁ።"

"ተመለስ እንግዲያስ።" ተመለሱ አላለችም፤ ፋሩቅ ይህችን አልሳታትም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ለፋሩቅ መሳቂያ ሆኑለት። ጋሽ ይመር አዲስ ከረባት ገዙ። ጫማቸውን አስጠረጉ። ሥጋ ቤቱ መጥተው ሳይጠየቁ "ሰው ማጣት እንዴት ከባድ ነገር ነው" ይላሉ።

"ጋሽ ይመር፣ ከረባቱ ለእዝራ ነው ወይስ ለሴትዮዋ?"

"አፍህን ዝጋ!"

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እኔ ምን አልኩ?"

ጋሽ ይመር ተቆጡ፣ ጆሯቸው ግን ቀልቷል። ቤታቸው ገብተው ለብቻቸው ሲሆኑ አፈሩ። በዚህ ዕድሜ! ደግሞስ ማንን? የሰው ልጅ የሰወረችዋን፣ ስሟን ቄስ ይጥራውና! ሌሊቱን ሁሉ ተገላበጡ። እውነቱን ለመናገር ወደዋት ነበር። ቆመው ሲያዋሯት ጉልበታቸው እንደማያማቸው፣ ከሸለቆው ሲወጡ ግን እንደሚያማቸው ልብ ብለውታል። ሶልያና ግን በየቀኑ ትደውላለች። "ጋሽዬ፣ እሺ ትላለች?" ትላለች። "ትላለች፣ ልጄ" ይሏታል። የያዙትን ጉዳይ አንድም ቀን አልዘነጉም።

ቀኑ ደረሰ። ዓርብ ነበር፣ የጥቅምት ማርያም። ጋሽ ይመር ሊፍት ውስጥ ሲገቡ አጽም የለበሱ፣ ክንፍ የተከሉ፣ ፊታቸውን አረንጓዴ የተቀቡ ልጆች ሞልተውታል። "ትሪክ ኦር ትሪት!" ብለው ከረሜላ ጠየቋቸው። ኪሳቸው ባዶ ነውና "ስመለስ፣ ስመለስ" ብለው ወረዱ።

ሶልያና በዚህኛው ጊዜ አልቀርም ብላ አብራ መጣች። ጀምበሯ ስትጠልቅ ገደሉ ተከፈተ። አዳራሹ ውስጥ ጭፈራ የለም። ሁሉም በግድግዳው ዳር ተሰልፈው ጸጥ ብለዋል፣ የእዝራ ሳክስፎን ብቻ ቀስ ብሎ ይሰማል። መሐል ላይ አንድ ማዕድ ተዘርግቷል፤ ዳቦ፣ ፖም፣ የተቆላ የዛፍ ፍሬ። ሥጋ የለበትም።

"ዓርብ እንደሚጾም አስጠይቄያለሁ" አለች ወይዘሮዋ። "ቅቤ አልነካውም።"

ጋሽ ይመር ዝቅ ብለው እጅ ነሷት። ጸሐይ ከሞተች ወዲህ ጾማቸውን አስታውሶ ምግብ ያዘጋጀላቸው ሰው አልነበረም።

"እሺ" አለች ቀጥላ። "ልጁን ውሰዱት።"

ሶልያና ጮኸች። ፋሩቅ "አልሐም—" ብሎ ጀምሮ አፉን በእጁ ያዘ። ጋሽ ይመር ግን አልተንቀሳቀሱም፤ የሽምግልናን ነገር ያውቃሉ፤ እሺ ሲባል ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃሉ።

"ቃሉ በምን ይታሰራል?" አሏት።

"በእናንተም በእኛም አንድ ነው። በእህል። ከእናንተ አንድ ሰው ተቀምጦ መቅመስ አለበት።" ድምጿ ሰለለ። "ዛሬ ማታ እዚህ የተቀመጠ ግን እኔ ጋ አይቀርም። በልጁ ፈንታ ይወርዳል።"

ከወለሉ ሥር የሆነ ነገር አንኳኳ። አንዴ ብቻ። ሶልያና የጋሽ ይመርን ክንድ ጨበጠች።

ፋሩቅ ቀልደኛ ነው፣ ፈሪም ነው፤ ያን ቀን ግን ወደ ማዕዱ አንድ እርምጃ ተራመደ። "እኔ ልቀመጥ" አለ። ጋሽ ይመር በኮሌታው ጎትተው መለሱት።

"አራት ልጅህን ለማን ጥለህ ነው? ዞር በል!"

ያኔ ወይዘሮዋ ቀረበቻቸው። እንዲህ ቀርባቸው አታውቅም፤ የዝናብ ሽታ አላት። "ይመር" አለች። "ሁለት ጊዜ ተቀመጥ ብዬህ እንቢ አልከኝ። ዛሬ አትቀመጥ ስልህ እሺ በለኝ። ልጁን ተወው። እሱ ይውረድ፣ አንተ ግን እየመጣህ ቁምልኝ። ሁልጊዜ፣ ጀምበር ስትጠልቅ እየመጣህ ቁምልኝ። የምለምንህ እኔ ነኝ።" ከዚያም የዚያ ሁሉ ሕዝብ አለቃ የሆነችው ሴት፣ ፊት ለፊታቸው ተንበረከከች።

ልባቸው ፈቀደ። ይኼን መደበቅ አይቻልም። የሚለመን ሰው እግር ላይ ሲወደቅበት ምን እንደሚሰማው ጋሽ ይመር ዕድሜያቸውን ሙሉ ከወዲያ በኩል ነበር የሚያውቁት፤ አሁን በዚህ በኩል መጣባቸው። የሶልያናን ፊት ባያዩ ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር እግዜር ይወቅ። አዩት። ልጅቷ ክንዳቸውን ለቃለች፤ እንዳታስገድዳቸው ብላ።

ጎንበስ ብለው ወይዘሮዋን በክንዷ ይዘው አነሷት። "የሰው አደራ አለብኝ" አሏት። "አለበለዚያማ እሺ እል ነበር።"

ከዚያም ተቀመጡ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ አዳራሹ ሁሉ ሰማው፤ ከዳቦውም ቆረስ አድርገው ቀመሱ።

ሳክስፎኑ ከእዝራ እጅ ወደቀ። ልጁ ዓይኑን አሻሸ፣ ዙሪያውን አየ፣ ሶልያናን አየ። "ሶሊ? ስንት ሰዓት ነው? ኦ ማይ ጋድ፣ የሥራ ሺፍቴ አለፈኝ!" አለ። ሶልያና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ስትስቅ ነው ስታለቅስ አይለይም። ፋሩቅ ሁለቱንም እየገፋ ወደ በሩ ነዳቸው። ገደሉ እየጠበበ ነበር።

በሩ ላይ ሲደርሱ ፋሩቅ ዞረ። ወይዘሮዋ የእሾህ አክሊሏን አውልቃ መሬት ላይ አስቀምጣዋለች። ሰዎቿ "እሜቴ! እሜቴ!" እያሉ ይጮሃሉ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላቸዋለች።

"ብቻህን አትወርድም" አለቻቸው።

ጋሽ ይመር ወንበሩ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። "እንግዲያስ ነይ፣ ተቀመጪ" አሏት። አንቺ ሲሏት ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነው። ከዳቦው ቆረሱና ወደ አፏ ዘረጉት። ይህን ነገር አታውቀውም፤ እጃቸውን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ ከዚያ አፏን ከፈተች። ከታች እንደገና ተንኳኳ፤ ማንኳኳቱም አላቆመም። ገደሉም ተዘጋ።

ሶልያናና እዝራ በጥር ተጋቡ። በሠርጉ ላይ ስለ ጋሽ ይመር ብዙ ተባለ፤ አቶ ገብረእግዚአብሔርም ረጅም ንግግር አደረጉ፣ ያቺን ሩጫ ሳያነሱ። ፖሊስ አሁንም ጋሽ ይመርን ይፈልጋል። ሸለቆውን ወርዶ የቆመ ሁሉ የሚሰማው የወንዙን ድምፅ ብቻ ነው። ከታች ምን እንዳገኛቸው፣ አብረው እንደሆኑ፣ እንዳልሆኑ የሚያውቅ የለም።

ፋሩቅ ይህን ታሪክ ሥጋ እየከተፈ ለጠየቀው ሁሉ ያወራል፤ እየቀለደ ጀምሮ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቢላዋውን ያስቀምጣል። "በሩ ሊዘጋ ሲል፣ እሷ አጠገባቸው እንደተቀመጠች፣ አንድ ነገር ሲሉ ሰማሁ" ይላል። "'እፎይ' አሉ። ወይዘሮ ጸሐይ ከሞቱ ወዲህ ጋሽ ይመር እፎይ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።"